የሃያ ሦስት ደጃፍ ግልቢያ

ፈረሷ እሜቴ ሃምሳ እርምጃ እንኳ በቅጡ ሳትሮጥ ዳቦ ጋጋሪው ደጃፍ ላይ ቀጥ ብላ ቆመች። ኮርቻው ላይ ያለው ሰው ይህን አልጠበቀም ነበርና አንገቷ ላይ ተደፍቶ ጋማዋን በአፍንጫው ሳመ። ከኋላ ቀሚሷን ሰብስባ የምትሮጠው አጣቢዋ ይህን ስታይ መሀል መንገድ ላይ ቆማ ሁለት እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ምን ነካት?» አለ ጋላቢው ባርኔጣውን እያቃና።

«ደንበኛ ናቸው» አለች እያለከለከች። «ዳቦ ጋጋሪው ደንበኛችን ናቸው።»

ጋላቢው መብረቅ ይባላል። ስሙን ያወጡለት ወዳጆቹ ብቻ አይደሉም፤ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያባርሩት ኖረው አቧራውን ብቻ ቅመው የተመለሱት የገዢው ፈረሰኞችም እንደዚያው ነው የሚጠሩት። ዐመፁ ከተነሣ ጀምሮ የድንጋይ ጠራቢዎቹን ደብዳቤ ከከተማ ከተማ ያመላለሰ፣ ሦስት ፈረስ ከሥሩ በጥይት የወደቀበት፣ ሦስቴም በእግሩ ያመለጠ ሰው ነው። አራተኛው ፈረሱ ይኸውና የውሃ ጋሪ ጎታች ሆኖ አረፈው። ቀን ሲጎድል እንዲህ ነው።

በከተማው ውስጥ ሌላ ፈረስ የሚባል ነገር አልነበረም። መድፍ ይጎትታሉ ተብሎ ገዢው ጠራርጎ ወስዷቸዋል። እሜቴን የተዋት አዝኖላት አይደለም፤ የጦር ሰፈሩን፣ የታችኛውን በር ዘቦችና የሻለቃውን ማድ ቤት ውሃ የምታጠጣው እሷ ስለሆነች ነው። ባለቤቷ የአጣቢዋ አባት ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት በየደጃፉ «ቅዱ! ኧረ ቅዱ!» እያሉ ሲጮኹ አባ ቅዳ ተብለው የቀሩ አዛውንት። ትናንት ከጋሪው የተንሸራተተ በርሜል እግራቸውን ሰብሮ አልጋ ላይ ጥሏቸዋል።

ነገሩ የታወቀው የዚያን ዕለት ቀትር ካለፈ በኋላ ነው። አጣቢዋ የሻለቃውን ሸሚዞች ተኩሳ ወደ ጦር ሰፈሩ ስትገባ፣ ወታደሮች ሁለት መድፍ በጋሪ ጭነው ላዩን ድርቆሽ ሲያለብሱ አየች። አንድ አስር አለቃ እየሳቀ «ለምሕረቱ የሚነሰነስ ነው» አለ። ምሕረት ያለው የገዢውን አዋጅ ነው። ገዢው ለዐመፀኞቹ «ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን መሣሪያችሁን ድንጋይ ማውጫው ላይ ትታችሁ፣ ባዶ እጃችሁን በድልድዩ ተሻገሩ፤ በሰላም ወደየቤታችሁ ትገባላችሁ» ብሎ አሳውጆ ነበር። ድንጋይ ተንተርሰው ማደር የሰለቻቸው አራት መቶ ጠራቢዎችም እሺ ብለዋል። ከአራት መቶው አንዱ የአጣቢዋ ባል ነው። ከተጋቡ በኋላ በአንድ ጣራ ሥር ያደሩት ቀን ቢደመር አንድ ወር እንኳ አይሞላም።

እንዴት ከሰፈሩ እንደወጣች አታስታውሰውም። ከአባቷ ጋጣ በላይ፣ ድርቆሽ ማስቀመጫው ውስጥ መብረቅ ተደብቆ ነበርና የሰማችውን ነገረችው። ድልድዩ ከታችኛው በር ወጥቶ በእግር የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው፤ በፈረስ ግን ሃያ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሰዓቱ ሰባት ተኩል ሆኗል። መብረቅ የአባ ቅዳን ካፖርትና ባርኔጣ አጠለቀ፤ ዘቦቹ ከበሩ ውጭ ወዳለው ደንበኛቸው፣ ወደ ቆዳ ፋቂው፣ የሚሄዱ አባ ቅዳ መስለዋቸው እንዲያሳልፉት። ጋሪውንም ለፍጥነት ሲሉ ፈቱት። አባ ቅዳ አልጋቸው ላይ ሆነው «ጋሪ ካልጎተተች ሥራ ላይ መሆኗን አታውቅም፤ ትበርላችኋለች» ሲሉ አረጋገጡላቸው። ሠላሳ ዓመት ፈረስ የገራ ሰው ሲናገር ማን ይከራከራል?

እሜቴ ግን ጋሪ ኖረ አልኖረ ሥራዋን ታውቃለች። ልጅ ሳለች አንዲት አሮጊት ማሰሮዋን ከበርሜሉ ሥር ሳታነሣ ተንቀሳቅሳ፣ ጎማው የሴትየዋን ጣቶች ጨፈለቃቸው። አባ ቅዳ ያን ጊዜ ራሳቸው የተጨፈለቁ ያህል አዘኑ። ሙሉ ክረምት ፈጅተው አስተማሯት፤ ደጃፍ ላይ ከቆመች ባለቤቱ ወጥቶ ቀድቶ፣ ገብቶ፣ በሩን ሲዘጋ ካልሰማች በስተቀር ንቅንቅ አትልም። ከላይ እስከ ታችኛው በር ሃያ ሦስት ደንበኛ አለ። በዚያ ላይ አዋጁ «እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሩን የከፈተ ይገረፋል» ይላል።

አጣቢዋ የዳቦ ጋጋሪውን በር በጡጫ ደበደበችው።

«ማነው? ዘጠኝ አልሞላም!»

«እኔ ነኝ ጋሼ፣ የአባ ቅዳ ልጅ። በሩን ይክፈቱና ይዝጉት!»

«እ?»

«ይክፈቱና ይዝጉት ብቻ! በኃይል!»

ዳቦ ጋጋሪው በቀዳዳ አጮልቆ ፈረሷን አየ፤ ላይዋ ላይ ያለውንም ሰው አየ። ማን እንደሆነ ለማወቅ ጊዜ አልፈጀበትም። «ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም ይባል ነበር» አለ ከውስጥ። «ይህቺ ደግሞ ማድረሱንም ተወችው እንዴ?» ከዚያ በሩን ከፍቶ እንዳለ ጠረቀመው። እሜቴ ጆሮዋን ነቅነቅ አደረገችና ተፈተለከች። አርባ እርምጃ ርቃም ጫማ ሰፊው ደጃፍ ላይ ቆመች።

እንዲህ እያለ ሄደ። ጫማ ሰፊው ሁለተኛ እስኪጠየቅ አልጠበቀም። ቀጥሎ ያለችው መበለት ግን ፈርታ ነበርና በሩን ከፍታ፣ ሰው እንዳይሰማ ብላ ቀስ አድርጋ ገጠመችው። እሜቴም አልሰማችም። «እትዬ፣ ጠርቅሚው! የሞት ሞትሽን ጠርቅሚው!» እያለች አጣቢዋ ስትለምናት ሴትየዋ እያለቀሰች ሁለተኛ ከፈተች። ከወንበር ጠራቢው ቤት በልጅነቷ አብራት የተጫወተች ጓደኛዋ ወጥታ አቀፈቻት፤ አጣቢዋ ግን ገፍትራ መልሳ አስገባቻት። ለመተቃቀፍ ጊዜ የለም።

ስድስተኛው ደጃፍ ፀጉር ቆራጩ ነበር። ፀጉር ቆራጩ አልከፍትም አለ።

«ልጆች አሉኝ» አለ ከመዝጊያው ጀርባ። ድምፁ ቅርብ ነበር፤ ግንባሩን በሩ ላይ ሳያስደግፍ አልቀረም።

«የኔ ባል ድልድዩ ላይ ነው ጋሼ።»

«አውቃለሁ። ፀጉሩን የምቆርጠው እኔ አይደለሁም እንዴ? አውቃለሁ እኮ! ግን ነገ መጥተው ማን ከፈተ ይላሉ፤ ከመንገዱ ሁሉ እኔን ነው የሚጠሉኝ። ወደ ሌላው ሂዱ።»

«ወደ ሌላው የማትሄደው እሷ ናት!» አለ መብረቅ በልጓሙ እየታገለ። በእርካቡ ጎኗን ጎሸማት፣ በጥፊ መታት፣ ለመናት። እሜቴ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች። አምስት ደቂቃ፣ ከዚያ ስምንት ደቂቃ አለፈ። በመጨረሻ ከውስጥ የአሮጊት ድምፅ ተሰማ፤ የፀጉር ቆራጩ አማት ናቸው። «አንተ ፈሪ፣ ዞር በል ከዚህ! ቢገርፉ ምን ቀርቶኝ፣ እኔን ይግረፉኝ!» አሉና በሩን ብርግድ አድርገው ሲዘጉት፣ የበሩ ጉበን ላይ የተለሰነው ጭቃ ተፈረፈረ።

ከዚያ በኋላ አጣቢዋ በሕይወቷ ዘመን የማትረሳው ነገር ሆነ። ወሬ ከእሜቴ ይፈጥናልና ሴቶቹ በጓሮ አጥር እየተጠራሩ «ክፈቺና ጠርቅሚ! ክፈቺና ጠርቅሚ!» ተባብለው ኖሯል። ፈረሷ ገና ስትቃረብ በሩ ይከፈታል፤ ስትደርስ ይጠረቀማል። ሰባተኛው፣ ስምንተኛው፣ ዘጠነኛው በር እንዲህ አለፈ። እሜቴ መቆሙን ትታ ከእርምጃ ወደ ሶምሶማ፣ ከሶምሶማ ወደ ግልቢያ ተሸጋገረች። በሁለቱም ወገን በር እየጮኸ መንገዱ ሁሉ ከበሮ መሰለ። አጣቢዋ አብራ ስትሮጥ ሳታውቀው ትስቅ ነበር። መብረቅም ዞር ብሎ አያትና ሳቀ፤ ጥርሱን ያየችው ያን ጊዜ ብቻ ነው። ይደርሳል አለች በልቧ። ባሌ ዛሬ ማታ ከኔ ጋር ራት ይበላል።

አሥራ ዘጠነኛው ደጃፍ ላይ እሜቴ ቆመች።

የመምህሩ ቤት ነው። መምህሩ ከአራት ወር በፊት ከሚስቱና ከሁለት ሴቶች ልጆቹ ጋር ተይዞ ሄዷል፤ የት እንደገቡ የሚያውቅ የለም። ገዢው በሩ ላይ ሦስት ሳንቃ በቁመቱ አስቸንክሮ፣ በቀይ ሰም ማኅተም አትሞበታል።

«እዚህማ ሰው የለም!» አለች አጣቢዋ። «እዚህ ለምን ትቆማለች? አራት ወር ሙሉ ሰው የሌለበትን ቤት!»

ከዚያ ገባት። አባቷ ይህ ቤት ከመቆሚያዎቿ እንዲቀር አላደረጉም ማለት ነው። ሃያ ዓመት ውሃ ያቀበሉትን ቤት ሰው የለበትም ብለው ማለፍ አንጀታቸው እምቢ ብሏቸው፣ በየቀኑ እየመጡ ያቆሟታል ማለት ነው። በሩ ሳይዘጋ በምን አስነሥተው እንደሚወስዷት ግን አጣቢዋ አታውቅም፤ ካገባች ወዲህ አብራቸው ወርዳ አታውቅምና። የአደባባዩ ሰዓት ስምንት ከአሥር ያሳያል።

ፊት ለፊት ያለው ሰዓት ጠጋኝ ወጥቶ የራሱን በር ጠረቀመላቸው፤ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ። እሜቴ ዞራም አላየችው። የራሷን በር ታውቃለች። አጣቢዋ ሻሿን ፈትታ ዓይኗን ሸፈነቻት፤ ባሰባት። በልጓም ጎተቷት፤ አራት እግሯን እንደ ችካል ተከለች።

«ሮጬ አባዬን ልጠይቃቸው?» አለች አጣቢዋ።

«ሄደሽ እስክትመለሺ ሃያ ደቂቃ ነው!» አለ መብረቅ፣ ከኮርቻው ዘሎ እየወረደ። «ጊዜ የለንም። ይልቅ ሳንቃውን ያዢልኝ፣ በሩን እንከፍተዋለን።»

መብረቅ ያለውን ማን ይጥሳል? ያዘችለት። ሰዓት ጠጋኙ ጉጠትና መዶሻ አቀበላቸው፤ የሰዓት መዶሻ ስለሆነ ግን ለምስማሩ መሳቂያ ነበር። መብረቅ ማኅተሙን ከካፖርቱ ሥር ባወጣው ሳንጃ ፈልጦ ሳንቃውን መፈልቀቅ ጀመረ። የመጀመሪያውን ነቀለ። ጣቶቹ ደሙ፤ ሁለተኛውንም ነቀለ። ሦስተኛው ከምስማር ሌላ በብረት ቀበቶ ከጉበኑ ጋር ተጠፍሮ ነበር። እየተፈራረቁ ታገሉት፣ በትከሻቸው ገፉት፣ ሰዓት ጠጋኙም እያለቀሰ አገዛቸው። ውሃ ወቀጣ ሆነ። ቀና ሲሉ ሰዓቱ ስምንት ከአርባ ሆኗል። ሠላሳ ደቂቃ። አባቷን ጠይቃ፣ ተመልሳ፣ አሥር ደቂቃ በተረፋት ነበር።

መብረቅ ሳንጃውን ጣለና ወደ ታችኛው በር በኩል ተመለከተ።

«በእግሬ እሄዳለሁ።»

«አትደርስም» አለች።

«አውቃለሁ።»

ካፖርቱን ሰብስቦ ሮጠ። በሩ ከዚያ ሦስት መቶ እርምጃ ቢሆን ነው፣ ከመታጠፊያው ወዲያ፤ አጣቢዋ እስከ መታጠፊያው ተከትላው ሁሉንም አየችው። ዘቦቹ መጀመሪያ ሳቁ። አንዱ «ኧረ አባ ቅዳን እዩአቸው፣ እሜቴን አስቀምጠው ራሳቸው ይጋልባሉ!» ሲል እስከ እሷ ድረስ ተሰማ። ሠላሳ ዓመት በእርጋታ የሚያውቋቸው አዛውንት እንዲህ ሲሮጡ አይተው አያውቁም። ከዚያ ባርኔጣው ወደቀና የወጣት ፀጉር ታየ። አልተኮሱም፤ ድልድዩ ላይ ያሉት ተኩስ ሰምተው እንዳይመለሱ ታዘዋል። በሰደፍ ነው የመቱት። ሁለተኛ ሲመቱት ተንበረከከ፤ ከሦስተኛው በኋላ እግሩን ይዘው ወደ ውስጥ ጎተቱት። ፈረሰኛ ሁሉ ያልያዘውን መብረቅን አራት የበር ዘብ ያዘው።

አጣቢዋ ወደ እሜቴ ተመለሰች። «ሂጂ» አለቻት። «እባክሽ ሂጂ። ብቻሽን ሂጂ።» ደረቷን በጡጫዋ መታቻት። ደግማ መታቻት። ቀጥላም አንገቷ ላይ ተጠመጠመች፤ ሌላ የሚያዝ ነገር አልነበራትም። ፈረሷ ሞቃትና ረጋ ያለች ነበረች፤ የመምህሩ ሚስት ማሰሮዋን ይዛ እስክትወጣ በትዕግሥት ትጠብቃለች።

የአደባባዩ ሰዓት ዘጠኝ መታ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ከወንዙ በኩል የመጀመሪያው መድፍ ተሰማ። መስኮቶች ተንቀጠቀጡ። ሰዓት ጠጋኙ ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ጆሮውን ያዘ። ከዚያ ሁለተኛው መጣ፤ እንደገና የመጀመሪያው፣ እንደገና ሁለተኛው፣ አቆሙ ሲባል እንደገና። አጣቢዋ አላለቀሰችም። ባሏ በየትኛው ላይ እንደሄደ ማወቅ ፈልጋ እያንዳንዱን ታዳምጥ ነበር።

ወደ ቤት የተመለሰችው ብቻዋን ነው፤ ፈረሷን ሰዓት ጠጋኙ ይዟታል። ሽቅብ ስትወጣ በሩን የጠረቀመላት ሰው ሁሉ አሁን ደጃፉ ላይ ቆሞ ነበር። ፀጉር ቆራጩ ሲያያት ወደ ግድግዳው ዞረ።

አባ ቅዳ አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቋት። ፊታቸው በርቷል።

«ሰማሽ? ሰማሽ ወይ የኔ ልጅ?» አሉ፣ ጉልበታቸውን በመዳፋቸው እየመቱ። «ባዶ ድልድይ ሲደበድቡ ዋሉ! ስንት ባሩድ አቃጠሉ! ድንጋይና ውሃ ነው የገደሉት፣ አሳማዎች!»

አጣቢዋ አፏን ከፈተች። ልትነግራቸው ነበር፤ እውነቱን ነው፣ ልትነግራቸው ነበር። አባ ቅዳ ግን ቀድመው ቀጠሉ።

«እኔማ ከወጣችሁ በኋላ ነፍሴ ልትወጣ ምንም አልቀራትም። ያ የመምህሩ ቤት ትዝ አለኝ! እዚያ በሩን የሚዘጋላት የለም። ጮህኩ፣ ጠራሁሽ፤ ርቀሻል። ከአልጋ ልወርድ ስል እግሬ ከዳኝና ወደቅኩ። ምን እንደማደርግ ታውቂያለሽ? ጆሮዋ ላይ ጠጋ ብዬ ‹ዛሬም አልመጡም፣ እንሂድ› እላታለሁ። ይኸው ነው። ያን ጊዜ ተነሥታ ትሄዳለች። ይህቺን ሳልነግርሽ ሰደድኩሽ!» ቀና ብለው አዩአት። «አቆመቻችሁ እንዴ?»

አጣቢዋ ለአንድ ትንፋሽ ያህል ጠላቻቸው። አባቷን፣ ያችን የተሰበረች እግራቸውን፣ ያን ደግ ልባቸውን ጠላች። ጠይቃቸው ቢሆን ኖሮ ያችን አጭር ቃል ይዛ ትመለስ ነበር፤ ሳንቃ ያዢ ስትባል ሳንቃ ይዛ ቀረች። ራሷንም ጠላች። ውሸትና ስንቅ እያደር ይቀላል፤ የእሷ ውሸት ደግሞ ማደርም አይችልም፣ እሜቴ ስትመለስ ያልቃል። ቢሆንም አባቷ ነጭ ጢማቸው እየተንቀጠቀጠ ይጠብቃሉ።

«ኧረ አላቆመችንም አባዬ። ሳትቆም አለፈች።»

«ሳትቆም?»

«ሳትቆም።»

የአባ ቅዳ ደስታ ውስጥ ትንሽ ቅሬታ ገባች። «ረሳቻቸው ማለት ነው» አሉ። «አራት ወር ሙሉ አስታወሰች ብዬ ስኮራባት። እንግዲህ እንስሳ ናት፣ ምን ይደረጋል።» ከዚያ ፊታቸው እንደገና ፈካ። «ይሁን። ለዛሬው እንኳን ረሳች።»

ትራሳቸውን አስተካከለችላቸውና እግራቸውን ከፍ አድርጋ አስቀመጠችው። ከታች በኩል፣ ከመንገዱ፣ የሴቶች ጩኸት ተነሣ። መጀመሪያ አንዲት ነበረች፤ ወዲያው ብዙ ሆኑ። አባ ቅዳ መድፉን ቢሰሙም ቀጭን ድምፅ መለየት ከተዋቸው ቆይቷል። ጆሯቸውን ወደ መስኮቱ አቀኑ።

«ምንድን ነው የሚሉት?»

«ደስ ብሏቸው ነው አባዬ» አለችና ሄዳ መስኮቱን ዘጋች።